የአባት ስም በምን ይታሰባል?

አባትን ማክበር ከዐሥርቱ ቃላት አንዱ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን ቤተ ሰብ የለም። ልጆች በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቈጥሩ፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ይህን ትእዛዝ በቃላቸው ይዘው ያድጋሉ። ዳሩ ግን አባትን በሕይወቱ ሳለ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ካረፈ በኋላ ማሰብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የፊተኛው በመታዘዝና በመጦር ይፈጸማል። የኋለኛው በምን እንደሚፈጸም ግን በየቤታችን ተቀምጠን የተነጋገርንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ሥርዓት ሠርታለች። በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ እንዲሁም በመንፈቁና በዓመቱ የሟቹ ስም በጸሎት ይነሣል፤ ስለ ነፍሱም ለነዳያን ይመጸወታል። የሥርዓቱ ልብ ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ልቡን ትተን ልብሱን ይዘናል። በአርባው ቀን በሬ ይጣላል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ዕዳው ለሟቹ ሚስት ይቀራል። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ከልጆቹ አንዱ ተጠርቶ «የአባትህ የክርስትና ስም ማን ነበር? በየት አገር አገለገለ? ወዴትስ ተቀበረ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሦስቱንም አጥርቶ የሚመልስ በብዙ ቤት አይገኝም። እንዲህ ከሆነ ድግሱ ታውሶ ሰውየው ተረስቷል ማለት ነው።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው አባታቸው ወታደር በነበረባቸው ቤቶች ነው። ገበሬ አባት በልጆቹ ዐይን ፊት ያርሳል፤ ሸማኔ አባትም በልጆቹ ዐይን ፊት ይሸምናል። የወታደር አባት ሕይወት ትልቁ ክፍል ግን ከቤቱ ርቆ ያልፋል፤ ልጁ የሚያውቀው መምጣቱንና መሄዱን ብቻ ነው። ወድቆ የቀረ እንደ ሆነም መቃብሩ ከደብሩ ዐጸድ ርቆ፣ ቤተ ሰቡ አይቶት በማያውቀው ሜዳ ይሆናል። በወላይታ ሶዶም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለ አባት የነበረው ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩ በአደባባይ የታወቀውን የአንድ አባት ሕይወት እናነሣለን፤ ይህን የምናደርገው እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በእርሱ መስተዋትነት የራሱን ቤት እንዲያይ ብለን ነው።

ከሶዶ ተነሥቶ በአረካና በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ቡታጅራን ሳይረግጥ አያልፍም። አካባቢው የጉራጌ አገር፣ መስቃን ነው። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ እዚያ ወርዶ ምሳውን ይበላና ጕዞውን ይቀጥላል። የሲዳሞ ገዥና የደቡብ ግንባር የጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጠላት ጥይት የተገደሉት ግን በዚሁ አካባቢ ነው። ወላይታም ከነጻነት በኋላ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆና የቈየች ስለ ሆነች፣ የራስ ደስታ ስም ለሶዶ አረጋውያን እንግዳ ስም አልነበረም። ዛሬ ወጣቶቹ ስሙን የሚያውቁት ይልቁንም በአዲስ አበባ በስማቸው ከሚጠራው ሆስፒታል የተነሣ ነው።

የእርሳቸውን ታሪክ ለመረዳት ከአባታቸው መጀመር ይገባል። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ይባላሉ። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ሩስያ የላኩትን የመልእክተኞች ጓድ መርተው እስከ ሴንት ፒተርስበርግ የደረሱ ሰው ናቸው። በሃይማኖት ኦርቶዶክሳዊት ወደ ሆነችው ወደዚያች ታላቅ አገር መልእክተኛ መላክ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን በእጄ አስገብቻለሁ እያለ በሚናገርበት ወቅት ነበርና። ፊታውራሪ ዳምጠው ከዚያ ተመልሰው ብዙ አልቈዩም። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ላይ ወደቁ። ልጃቸው ደስታ ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ። እንግዲህ ራስ ደስታ ራሳቸው አባታቸውን በጦር ሜዳ ያጡ፣ አባትን ከሰው አፍ እየሰሙ ያደጉ ልጅ ናቸው ማለት ነው።

ደስታ ዳምጠው አድገው በ1917 ዓ.ም. የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን በሥርዓት አገቡ። እግዚአብሔርም ስድስት ልጆች ሰጣቸው። ወንዶቹ አምሐና እስክንድር፣ ሴቶቹ አይዳ፣ ሰብለ፣ ሶፍያና ሂሩት ይባላሉ። በ1925 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። አባታቸው የምኒልክን ቃል ይዘው ወደ ሩስያ እንደ ሄዱ፣ ልጃቸውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቃል ይዘው ባሕር ተሻገሩ። አባትና ልጅ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ግን የሚያሳዝን ነው።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ በደቡብ በኩል የመጣው ጄኔራል ግራዚያኒ ነበር። ራስ ደስታ የሲዳሞን ጦር ይዘው ወደ ዶሎ አቅጣጫ ወረዱ። ይህ ጦር አብዛኛውን መንገድ በእግሩ የተጓዘ፣ ስንቁን በበቅሎና በሰው ጫንቃ ያስያዘ ጦር ነው። ሊገጥመው የመጣው ጠላት ግን አውሮፕላን፣ ታንክና የመርዝ ጋዝ ነበረው። በታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በአውሮፕላን ደበደበ። ድንኳኖቹ የቀይ መስቀል ምልክት ነበራቸው፤ ቢሆንም ቍስለኞችና በሽተኞች በተኙበት አለቁ፤ ለምሕረት ሥራ ከሩቅ አገር ከመጡት ስዊድናውያንም አንዱ ሞተ።

ከዚህም በኋላ በጥር ወር የገናሌ ዶርያ ጦርነት ሆነ። ከጥር 3 ቀን ጀምሮ ስምንት ቀን ያህል ውጊያው ሳያቋርጥ ቈይቶ ያበቃው በጥር 11 ቀን ነው። አንባቢ ይህን ቀን ልብ ይለው ዘንድ እንለምናለን፤ በዓለ ጥምቀት ነውና። በአገሩ ሁሉ ታቦታት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበራቸው በእልልታ በሚመለሱበት ቀን፣ በገናሌ ዳር የኢትዮጵያ ወታደሮች ከነደደው ምድረ በዳ በውሃ ጥም እየተቃጠሉ ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። ብዙ ልጆች በዚያ ዓመት የጥምቀት ልብሳቸውን ለብሰው ሲዘምሩ አባታቸው በዚያች ሰዓት በምን ላይ እንዳለ አላወቁም።

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ልዕልት ተናኘወርቅና ልጆቻቸውም በስደት ሄደው በኢየሩሳሌምና በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ኖሩ። ራስ ደስታ ግን በሲዳሞ ቀሩ። ከቤታቸው የሚያገኛቸው መንገድ ተዘግቶ፣ የመንግሥቱ ከተማ በጠላት እጅ ሆኖ፣ ሠራዊታቸው በረኀብና በበሽታ እየሳሳ ዐሥር ወር ያህል ጦርነቱን አላቋረጡም። የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያምም ከእርሳቸው ጋር ተባበሩ። በ1929 ዓ.ም. ዋና ከተማቸው ይርጋለም በጠላት ከተያዘች በኋላ በሐይቆቹ አካባቢ አድርገው ወደ ሰሜን እየተዋጉ ተጓዙ።

በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. ጎጌቲ በተባለው ስፍራ የመጨረሻው ታላቅ ውጊያ ሆነ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በዚያ ወደቁ። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተይዘው ተገደሉ። እነዚህ ቀኖች በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ቀን ጭፍጨፋ የተፈጸመባቸው ቀኖች ናቸው፤ በከተማ ያለ መሣሪያ የተገኘው ሕዝብ ሲታረድ፣ በደቡብም መሣሪያ የያዙት የመጨረሻ ሰዎች ይወድቁ ነበር። ራስ ደስታ ጥቂት ቀን አምልጠው በተወለዱበት በመስቃን አገር ሳሉ፣ ለጠላት ያደሩ ሰዎች ያዟቸው። በየካቲት 17 ቀን በጥይት ተደበደቡ። አባትና ልጅ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ሁለተኛው ይህ ነው። ሁለቱንም የገደላቸው የኢጣልያ መንግሥት ጦር ነው፤ ሁለቱም የሞቱት በየካቲት ወር ነው።

በዚያ ቀን የልጃቸው የእስክንድር ዕድሜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። አይዳ ዐሥር ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። እንግዲህ ከስድስቱ ልጆች ታላላቆቹ አባታቸውን በጥቂቱ ያስታውሱ ይሆናል፤ ታናናሾቹ ግን የሚያስታውሱት አልነበራቸውም። ለእነርሱ አባት ማለት እናታቸው የነገረቻቸው ሰው ነው። አባት በሞተበት ቤት የአባትን መታሰቢያ የምትጠብቀው እናት መሆንዋን እዚህ ላይ ልንረዳ ይገባል። ተዝካር አውጪ እያልን የምናስጨንቃት ያች ሴት፣ ከማንም ይልቅ ጊዜና ጸጥታ ያስፈልጋት ነበር፤ ልጆችዋን ሰብስባ አባታቸውን ትነግራቸው ዘንድ።

የደጃዝማች በየነ መርዕድ ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰ መከራ አየ። ባለቤታቸው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። በ1933 ዓ.ም. በቶሪኖ ከተማ በግዞት ሳሉ ዐረፉ። ነጻነት ሲመለስ ወደ አገራቸው የተመለሱት በሕይወት የተረፉት ልጆች ያለ አባት ብቻ ሳይሆን ያለ እናትም ነው። የደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም ግን በአዲስ አበባ ባለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ በተማሪዎች አፍ ይጠራል።

ነጻነት ወደ ሶዶ የገባው ዘግይቶ ነው። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሶዶ ገና በኢጣልያ ጦር እጅ ነበረች። የተለቀቀችው ከዐሥራ ሰባት ቀን በኋላ፣ በግንቦት 14 ቀን ነው። ከተማይቱን የያዘው በእንግሊዝ አዛዦች ሥር የተሰለፈው የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሲሆን፣ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ከየአገራቸው የመጡ አፍሪካውያን ነበሩ። እነርሱም የሰው ልጆች አባቶች ነበሩ፤ በሐይቆቹ አገር ዝናብና ጭቃ ውስጥ የወደቁትን ስማቸውን ባናውቅም በጸሎታችን ልንዘነጋቸው አይገባም።

የራስ ደስታ ልጅ እስክንድር አድገው የአባታቸውን ሙያ መረጡ፤ ነገር ግን በየብስ ሳይሆን በባሕር ነው። በእንግሊዝ አገር በዳርትማውዝ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምረው፣ ሪር አድሚራል ተብለው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ ሆኑ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስድሳ ያህል ባለ ሥልጣኖች ጋር በአዲስ አበባ ተረሸኑ። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅና እኅቶቻቸውም ታስረው ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በወህኒ ቈዩ። ልዕልት ተናኘወርቅ ከዚያ ወጥተው፣ ባላቸውንና ልጃቸውን በየተራ ያጡ እናት ሆነው፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

አያት በዐድዋ፣ አባት በመስቃን፣ ልጅ በአዲስ አበባ፤ ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ወታደር። አያትና አባትን የገደላቸው ባዕድ ነው። ልጁን የገደለው ግን ወገን ነው። እንግዲህ አባትን የማሰብ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ባዕድ የገደለውን አባት ማሰብ ኀዘን ቢኖረውም ኵራት አለው፤ ጎረቤትም አብሮ ያለቅሳል። ወገን የገደለውን አባት ማሰብ ግን ዝምታ ይወድቅበታል፤ ዝምታው ሲቈይም ቂም ይሆናል።

ወላይታም ይህን ጥያቄ ከቀድሞ ጀምራ ታውቀዋለች። ፊታውራሪ ዳምጠው ወደ ሩስያ በሄዱበት በዚያው በ1887 ዓ.ም.፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ወደ ወላይታ ዘምተው ነበር። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና አገሩን ይዞ በብርቱ ተዋጋ። ከወላይታ በኩል እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ከብቱ ተነዳ፤ ሕዝቡም ተማረከ። ካዎ ጦና ቈስሎ ተያዘና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ ትቷል። ከዚያም በኋላ የወላይታ ገበሬ ለወታደርና ለሹም ገባር ሆኖ እህሉንና ማሩን እየሰጠ፣ ሸክሙንም እየተሸከመ ብዙ ዓመት ኖረ። የሲዳሞም ገበሬ እንዲሁ ነበር። ይህ ሥርዓት እየቀረ የሄደው ከነጻነት በኋላ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ነው።

ይህን የምናነሣው የራስ ደስታን መሥዋዕትነት ለማሳነስ አይደለም። እውነተኛ መታሰቢያ ግማሽ ሰው አያስብምና ነው። ራስ ደስታ ለአገራቸው ነጻነት የሞቱ አባት ናቸው፤ ደግሞም ገባር ሥርዓት በጸናበት ዘመን የገዙ ገዥ ናቸው። ሠራዊታቸው በዶሎ መንገድ የበላው እህል አንድ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ከልጆቹ አፍ የነጠለው እህል ነው። ያም ገበሬ አባት ነበር። አባትን በመልካሙ ብቻ የምናስብ ከሆነ ልጆቻችን አንድ ቀን ሌላውን ወገን ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያን ጊዜ የነገርናቸውን ሁሉ ሐሰት ነው ይሉናል። ሁሉን ነግረናቸው ቢሆን ግን አባታቸውን እንደ ሰው ይወዱታል፤ እንደ ሰውም ይጸልዩለታል። ለጻድቅ ብቻ የሚደረግ ፍትሐት የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን የምትጸልየው ሰው ሁሉ ምሕረት የሚያስፈልገው ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ በሶዶ በአንድ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው የሚያስቀድሱት ሰዎች የሁለቱም ወገን ልጆች ናቸው። አንዱ ቅድመ አያቱ ከምኒልክ ጦር ጋር የመጣ ነው፤ ሌላው ቅድመ አያቱ ከካዎ ጦና ጋር የወደቀ ነው። ብዙዎቹም በጋብቻ ተዋሕደው የሁለቱንም ደም ይዘዋል። በአንድ ቍርባን የሚካፈሉ እነዚህ ልጆች አባቶቻቸውን በምን ቋንቋ ይጥሩ? በአማርኛ አባት የሚለው፣ በወላይትኛ «አዋ» የሚለው፣ ሁለቱም ስሙን የሚያስጠሩት በአንዱ መቅደስ ነው።

ለዚህ መልስ ፍለጋ ከወላይታ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ገድለ ተክለ ሃይማኖት የሚተርክልንን የዳሞትን ንጉሥ የሞተለሚን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። የወላይታ ትውፊት ይህን ንጉሥ ሞቶሎሚ ብሎ ከጥንት ነገሥታቱ ጋር ይቈጥረዋል፤ ከሶዶ ከተማ በላይ ያለው ተራራም ዳሞታ ይባላል። በገድሉ እንደ ተጻፈ፣ የሞተለሚ ጭፍራ የጻድቁን አባት ካህኑን ጸጋ ዘአብን አሳደደው፤ ጸጋ ዘአብም ከጦር ሸሽቶ ውሃ ውስጥ ገባና በቅዱስ ሚካኤል ረድኤት ዳነ። ሚስቱን እግዚእ ኀረያን ደግሞ ማርከው ወደ ዳሞት ወሰዷት፤ እርስዋንም መልአኩ ወደ ቤትዋ መለሳት። ከዚህ በኋላ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ተወለደ። አድጎ ምን አደረገ? አባቱን ወዳሳደደው፣ እናቱን ወደ ማረከው ንጉሥ አገር ሄደ። የሄደው ግን ጦር ይዞ አይደለም። ወንጌል ሰብኮ ያንኑ ሞተለሚን አጠመቀው።

ውድ አንባብያን፣ አባትን ስለ ማሰብ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በየት ይገኛል? ተክለ ሃይማኖት የአባቱን መከራ አልረሳም፤ ረስቶ ቢሆን ገድሉ ባልጻፈው ነበር። ነገር ግን መከራውን ወደ በቀል አልለወጠውም፤ ወደ ጥምቀት ለወጠው እንጂ። ማሰብና መበቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የምንማረው በዚሁ በደጃችን ባለው ትውፊት ነው። በየወሩ በ24 ጻድቁን ስንዘክር ልጆቻችን ይህን ታሪክ እንዲሰሙ እናድርግ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስና የሚደረገውን እንናገር። ከራስ ደስታ ዘመን ወዲህም ወታደር አባቶች አልተቋረጡም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ወደ ኮርያ ዘምተው፣ ከመቶ ሃያ የሚበልጡት ወድቀዋል፤ አንድም ሰው ለጠላት አልተማረከም። በ1950ዎቹ ዓመታት ሌሎች በኮንጎ ሰላም አስከብረዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሌ ጦርነት፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም በሰሜን በነበረው የወገን ጦርነት እጅግ ብዙ አባቶች ቀርተዋል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት የቀሩትን ልጆቻቸው ገና ይጠብቋቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ መቃብራቸው አይታወቅም፤ ፎቶግራፋቸው ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በመጀመሪያ፣ አባት በሕይወት ያለ እንደ ሆነ ዛሬ እንጠይቀው። የወታደር አባት ነገር ብዙውን ጊዜ በዝምታ የታሸገ ነው፤ ያየውን ሁሉ ለመናገር ይከብደዋል። በግድ አይጠየቅ፤ ነገር ግን በመስቀል ወይም በጊፋታ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የተጣላው በሚታረቅበት ጊዜ፣ የልጅ ልጁን በጕልበቱ ላይ አስቀምጦ ሳለ፣ «አባታችን፣ የት የት አገር አገለገሉ? ከማን ጋር ነበሩ? ማንን አጡ?» ብንለው ልቡ ይከፈታል። ከአንድ ዓመት በኋላ መጠየቅ የማይቻል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሰማነውን እንጻፈው። አባቶቻችን በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ የልጅ ልደት፣ የወላጅ ዕረፍት፣ የመሬት ውል ይጽፉ ነበር። እኛም እንዲሁ እናድርግ፤ የአባትን የዓለም ስምና የክርስትና ስም፣ የተወለደበትንና ያረፈበትን ዓመት፣ የንስሐ አባቱን ስም፣ ያገለገለበትን ጦር፣ የተቀበረበትን ደብር በአንድ ገጽ ላይ እንጻፍ። መቃብሩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታና ቀን እንጻፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ብዕርና አንድ ማታ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ተዝካሩን ወደ ልቡ እንመልሰው። ለድግስ ይወጣ ከነበረው ጥቂቱን ለነዳያን፣ ጥቂቱን ለቤተ ክርስቲያን፣ የቀረውን ደግሞ አባት ለሌላቸው ልጆች ደብተርና ልብስ እናውለው። በጦርነት አባቱን ያጣ ሕፃን በጎረቤታችን ሳለ ለሞተው አባታችን በሬ ብንጥል ጥቅሙ ለማን ነው? ያን ሕፃን ብናስተምር ግን አባታችን በሰማይ ደስ ይለዋል፤ ያ ሕፃንም የራሱን አባት ሲያስብ የእኛን አባት አብሮ ያስባል።

አራተኛውና የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። የአባታችንን ስም ለካህኑ ስንሰጥ፣ አባታችን በጦር ሜዳ የገጠመውን ሰው ደግሞ በልባችን እናስበው። ስሙን አናውቅም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። እርሱም ልጆች ነበሩት፤ እነርሱም በሌላ ደብር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በዚያው ቀን ነፍስ ይማር እያሉ ይሆናል። የራስ ደስታ ዳምጠውን፣ የካዎ ጦናን ወታደሮች፣ ስሙ ያልተጻፈውን ገባር፣ በኅዳር 14 የተገደሉትን፣ በሰሜን ሜዳ የቀሩትንም ሁሉ በአንድ ጸሎት የምታስብ ቤተ ክርስቲያን አለችን። ልጆችዋ የሆንን እኛም በየቤታችን እንዲሁ ብናደርግ፣ የአባታችን ስም ከድንኳኑ ጋር አይፈርስም፤ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል።